ግልገል ዓባይ፣ ጣና ወይስ ትልቁ ዓባይ? ካያክ ይዞ ለሚወጣ ሰው

ቅዳሜ ጠዋት ካያክ የሚሉትን ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ ፒካፕ ላይ ጭኖ ከባሕር ዳር የሚነሳ ሰው ምርጫው ብዙ ነው። በመራዊ መንገድ ወርዶ ግልገል ዓባይ ላይ መግባት ይችላል። እዚያው መራዊ አጠገብ ቆጋ ግድብ ላይ መዋል ይችላል። ከከተማ ሳይወጣ ጣናን ዳር ዳሩን መቅዘፍም አለ። ልቡ ያበጠ ደግሞ ከጨረጨራ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ከሚቆጣጠርበት በር፣ በታች ያለውን ትልቁን ዓባይ ያያል፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ፣ የምለው አለኝ።

እኔ የግልገሉ ሰው ነኝ። ጓደኞቼ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ዓባይንም አይቻለሁ፣ ምንጩንም አይቻለሁ፣ አሁንም የማመሰግነው ምንጩን ነው። ግን ለሁሉም ሰው፣ በየትኛውም ወር፣ ከየትኛውም ድልድይ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ሰው ውሃ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ በስሙ ይመርጣል። ወይ ፎቶ አይቶ ነው። ወይ መግቢያው ለመኪና ስለተመቸው ነው። እኔ ከብዙ ጭቃ በኋላ የደረስኩበት ነገር ውሃ የሚመረጠው ከመውጫው መሆኑን ነው። የት ትወጣላችሁ? በስንት ሰዓት? ማን ይጠብቃችኋል? ይህን ካወቃችሁ መግቢያው ራሱ ይመጣል።

ግልገል ዓባይ፦ ራስጌ፣ ወገብ፣ ግርጌ

ወንዙ የሚነሳው ሰከላ ውስጥ ከግሽ ዓባይ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። የሚገባበት ጣና ደግሞ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። እንግዲህ ቀንሱት፤ ከ900 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ይህ ቁልቁለት ግን እኩል አልተከፋፈለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ወንዙን የሚሻገርበት ወተት ዓባይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ወንዙ አብዛኛውን ጉልበቱን ከድልድዩ በላይ ጨርሶ ነው እዚያ የሚደርሰው። ከዚያ በታች የቀረው መቶ ሜትር ቢሆን ነው። እሱንም ተንቀራፎ፣ ተጠማዝዞ፣ ጊዜውን ወስዶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሰው «ግልገል ዓባይ ላይ ቀዘፍኩ» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከድልድዩ በላይ ነው በታች?» የሚል ነው። ሁለቱ የማይተዋወቁ ወንዞች በሏቸው።

ራስጌውን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ የለውም። ግሽ ላይ ያለው ምንጭ ነው፣ ፀበል ነው፣ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚቀርበው ቦታ ነው። በፈረንጆቹ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሰውበት የዓባይን ምንጭ አየን ብለው ጽፈዋል፤ የሰከላ ሰው ግን ምንጩ ጠፍቶበት አያውቅም። አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዚህ ውሃ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ ይባላል። እኔ ሳላስበው ስልኬን ለዚሁ ወንዝ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አደራ ሰጥቼው ነበር። ስቀበለው ስክሪኑ ውስጥ ውሃ ይዋኝ ነበር። ልዩነቱ የቅድስና ይመስለኛል። ለማንኛውም ግሽን ሂዱና እዩት፣ ተሳለሙ፣ ካያኩን ግን መኪናው ላይ ተዉት።

ወገቡ፣ ማለትም ከተራራው ወርዶ ወደ ወተት ዓባይ ድልድይ የሚቀርበው ክፍል፣ ለሚያውቅ ሰው ነው። ዐለት አለ፣ ጠበብ ያለ መተላለፊያ አለ፣ ውሃው ድንጋይ ገጭቶ አረፋ እየደፈቀ የሚዞርበት አዙሪት አለ። እኔን ከዐለቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግንዱ ነው። ክረምት የነቀለው ዛፍ መታጠፊያ ላይ ተጋድሞ ይቀራል፤ ውሃው በቅርንጫፉ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የለ? ግልገሉም የአባቱን ጠባይ ወርሷል። መታጠፊያ ባያችሁ ቁጥር ዳር ያዙ፣ ውረዱ፣ በእግር ሄዳችሁ አዩት፣ ከዚያ ግቡ። ይህን ማድረግ የሚደብረው ሰው ወገቡ ላይ ባይመጣ ይሻለዋል።

ሌላው የወገቡ ጣጣ የዝናቡ ነው። ከድልድዩ በላይ ያለው ተፋሰስ ከ1,600 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ መሬት የጠጣውን ጠጥቶ የተረፈውን በአንድ አንገት ያወርደዋል። እናንተ ወተት ዓባይ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ ሻይ ስትጠጡ ሰከላ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ የዚያ ዝናብ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ የምታዩት የራሳችሁን ሰማይ ሳይሆን በደቡብ በኩል ያለውን ተራራ ነው። ተራራው ከጠቆረ ካያኩን አታውርዱ። ውሃው መልኩን ሲቀይር፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ሲጀምር ደግሞ ውሃ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ለመነጋገር ጊዜ አታጥፉ፣ ወደ ዳር ውጡ።

ግርጌው ነው የኔ ቤት። ከድልድዩ በታች ወንዙ ሰፋ ይላል፣ ይረጋጋል፣ ቡናማ ይሆናል። ቆጋ፣ ጀማና ቅልቲ እየተቀላቀሉት ይሄዳሉ። ዳሩ ከፍ ያለ የሸክላ አፈር ነው፤ ላዩ ላይ የጤፍና የዳጉሳ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ጥሻ፣ መልካው ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች፣ ውሃ የሚጠጡ ከብቶች። እረኞች ዳር ዳሩን እየሮጡ ይከተሏችኋል። «ጋሼ፣ እሱ ነገር አይሰጥምም?» የማይል እረኛ አላጋጠመኝም። አይሰጥምም ብዬ ለአንዱ ሳስረዳ ዞሬ ነው የተገለበጥኩት፤ ያን ቀን ጉልበቴ ድረስ በሚመጣ ውሃ ውስጥ ቆሜ እንደተሳቀብኝ ሌላ ቀን አልተሳቀብኝም።

ውሃው ለስላሳ ነው ማለት ግን ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ለዚህ ክፍል የተባለ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። በበጋ ገበሬው በፓምፕ ውሃ ይስባል፤ ቱቦና ገመድ ወንዙ ውስጥ ተዘርግቶ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ካርታ ላይ በአየር የምትለኩት ኪሎ ሜትርና ወንዙ የሚጠማዘዘው ኪሎ ሜትር ፍጹም አይገናኙም።

ይህን የተማርኩት በኅዳር ነው። ሦስት ነበርን። ከድልድዩ ታች ተነስተን ጣና ድረስ ለመውረድ፣ ለአዳር ብርድ ልብስ ሳይቀር ይዘን፣ ሁለት ቀን መድበን ወጣን። የመጀመሪያው ቀን ማር ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ወደ ሐይቁ ሲቃረብ ጠባዩ ተለወጠ። ግልገል ዓባይ ከጣና አራት ትላልቅ ገባሮች፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ነው፤ የሚሸከመው ደለልም የዚያን ያህል ነው። ያን ደለል አፉ ላይ እየዘረገፈ መሬቱን ወደ ሐይቁ ይገፋዋል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የሚጠብቃችሁ «እነሆ ሐይቁ» የሚል በር የለም። ውሃው ይከፋፈላል። ደንገል ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። አንዱ መንገድ ያስገባል፣ ሌላው ጭቃ ላይ ይጥላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እኛ ሦስተኛው የተሳሳተ መንገድ ውስጥ ነበርን። ኔትወርክ የለም። ሹፌራችን ሌላ ቦታ ቆሞ ይጠብቀናል፤ እሱም የት እንደሆነ አያውቅም፣ እኛም አናውቅም።

ከደንገሉ መሃል በታንኳ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። በቀርከሃ ዘንግ እየገፉ፣ ምንም ሳይቸኩሉ። «አባቴ፣ መውጫው በየት በኩል ነው?» አልኳቸው። አዩን፣ ካያኮቹን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ። «ልጆቼ፣ መውጫ ሲገባ ነው እንጂ ሲመሽ ይጠየቃል?» አሉና ታንኳቸውን አዙረው ቀድመውን ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው በዘንጉ ወደ ዳር አመለከቱን። ደንገሉ ተጨፍልቆ መንገድ ወጥቶበታል። «የጉማሬ ነው፣ ሲመሽ ለሣር የሚወጣው በዚህ ነው» አሉ። እኔ ከአምስት ደቂቃ በፊት እዚያ ላይ ጀልባ ጎትተን እንውጣ ብዬ ስከራከር ነበር።

ስለዚህ ግርጌውን የምትመርጡ ከሆነ እስከ አፉ አትውረዱ። ወይ ደግሞ ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ሳምንት ከባሕር ዳር በቁንዝላ መንገድ ሄዳችሁ መኪና የሚደርስበትን የመጨረሻ ዳር በዓይናችሁ እዩ፣ እዚያ ያለ ሰው ተዋወቁ፣ ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ከሐይቁ ቀደም ብሎ ባለ መልካ ላይ መውጣት ግን ከሁሉም ይሻላል። የደንገሉን መሃል ማየት ያማራችሁ እንደሆነ ከዚያው ሰፈር ታንኳ ያለው ሰው ይዛችሁ በጠዋት ግቡ።

ጣና፦ ለጀማሪ፣ ግን በጠዋት

ቀዝፎ የማያውቅ ሰው ከጣና ይጀምር። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይህ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ሰውን ያዘናጋል። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ነው የሚነሳው፤ አጫጭርና የተጠጋጋ ማዕበል ነው የሚሠራው። ጠዋት መስታወት ነው። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ይመጣና የሄዳችሁበትን ያህል ለመመለስ እጥፍ ሰዓት ይፈጅባችኋል። ታንኳ የሚነዱት ሰዎች እንጨታቸውን ጭነው ከተማ የሚገቡት በጠዋት ነው፤ እነሱ ያላመኑትን ነፋስ እናንተ አትመኑት።

መውጫው በሁሉም አቅጣጫ ስለሆነ ነው ለጀማሪ የምመክረው። ደከማችሁ፣ ወደ ዳር ዞሩ፣ አለቀ። የትኛውም ወንዝ ይህን አይሰጣችሁም። ለመጀመሪያ ቀን ከዳሩ ሳትርቁ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ትንሽ ሲለምዱ ክብራን ደሴት ድረስ መሄድ ይቻላል፣ ግን ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ሚስታችሁን ወይ እኅታችሁን ይዛችሁ እዚያ ድረስ ካስቀዘፋችሁ በኋላ «እዚህ ጠብቂኝ» ማለት የትዳር ጉዳይ ነው፣ እኔ የለሁበትም። ዘጌ የተሻለ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁሉም ይገባል፣ ከዚያ የዘጌ ቡና ይጠጣል። ሆኖም በካያክ ደርሶ መልስ ለጀማሪ ይበዛል። ሄዳችሁ በሞተር ጀልባ ተመለሱ።

ሁለት የጣና ማሳሰቢያ። አንደኛው ቢልሃርዚያ ነው። ሣር ያለበት፣ የተኛ፣ ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ በባዶ እግር መቆም ልማድ አታድርጉት፤ ተሐዋሲውን የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያ ነው። ሁለተኛው ጉማሬ ነው፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ። ጉማሬ ማየት የሚፈልግ ሰው በሞተር ጀልባ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂድ። በካያክ አይቀረብም፣ ጎኑ ከፎቶው ትልቅ ነው፣ ውሃ ውስጥም ከናንተ ይፈጥናል። አዞ ግን ጣና ውስጥ የለም፤ ጢስ እሳት ፏፏቴ አጥር ሆኖበት ከታች ቀርቷል። ዳር ላይ አዞ አየሁ ብሎ የሚጮህ ሰው ብዙውን ጊዜ ያየው አርጃኖ ነው።

ስለ ታንኳም አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ስለሚጠይቀኝ። የደንገል ታንኳ ለዚህ ሐይቅ የተሠራ ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ሲሠሩት ማየት ራሱ አንድ ቀን ይገባዋል። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከተገለገሉበት በኋላ አቁመው ያደርቁታል፣ ዕድሜውም ከወራት አይዘልም። ካያክ ላይ የለመደ ሰው ታንኳ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ውሃው በስሩ ይገባል። አትደንግጡ፣ የተሠራው እንዲያ ነው፤ ደንገሉ ራሱ ነው የሚንሳፈፈው። ዝግ ላለ ውሃና ለደንገል መሃል ከየትኛውም ፕላስቲክ ይበልጣል። ዐለት ላይ ግን አንዴ ከተጎተተ አለቀለት፤ ግልገል ዓባይ ወገብ ላይ ታንኳ ማሰብ ቀልድ ነው።

ቆጋ፣ ዘንገናና ሌሎቹ

ቆጋ ግድብ አሰልቺ ነው። ይህን የምለው በፍቅር ነው። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ይይዛል፣ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት የተሠራ ነው። ለኛ የሚጠቅመን ደግሞ ሞገድ የለም፣ ጉማሬ አያስጨንቅም፣ ከመራዊ ቅርብ ነው። ካያክ ተገልብጦ እንዴት ተመልሶ እንደሚገባበት መለማመድ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ችግሩ ወሩ ነው። መስኖው ሲከፈት ውሃው በየሳምንቱ ይሸሻል፤ ሚያዝያ ላይ ከሄዳችሁ ውሃው ጋ ለመድረስ ጭቃ ውስጥ ረጅም ጉዞ ይጠብቃችኋል። በጥቅምት ሂዱ። ስትደርሱም ዝም ብላችሁ አትግቡ፣ ጥበቃዎቹን አነጋግሩ። ወደ ግድቡ የውሃ መውጫ ግንብ አትጠጉ።

እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ያምራል። ትንሽ ነው፣ ዳሩ ገደል ነው፣ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው፣ ውሃው ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ዙሪያውን በእግር ዙሩት፣ ዝንጀሮዎቹን ተመልከቱ። ለመቅዘፍ ያን ያህል መንገድ አያስኬድም።

ምሥራቅ ጎጃምን የሚጠይቁኝ አሉ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ሁሉም ከጮቄ ነው የሚወርዱት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ ሸለቆ ደግሞ ደጀን በታች ድልድዩ ጋ ከ1,100 ሜትር በታች ነው። እነዚህ ወንዞች ይህን ሁሉ በአጭር መንገድ ነው የሚወርዱት። ላይ ላዩ ላይ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ይሄዱና ድንገት ገደል ይሆናሉ። መውጫ የላቸውም። በኔ ሚዛን ይህ ብቻውን ይበቃል። በፍኖተ ሰላም በኩል ያለው ብር ወንዝ የተሻለ ተስፋ አለው፤ ቆላማ ነው፣ ይሞቃል፣ በጥቅምት ጥሩ ውሃ ይኖረዋል። ግን እሱም ወደ ዓባይ ሲጠጋ ሸለቆ ይገባል፣ ወባውንም አትርሱ።

ትልቁ ዓባይ

አሁን ወደ ትልቁ። ከጣና መውጫ እስከ ጨረጨራ መቆጣጠሪያ ያለው ሰፊና ዝግ ያለ ውሃ ነው፤ በ2016 ግንቦት የተመረቀውን 380 ሜትር ድልድይ ከውሃ ላይ ማየት ደስ ይላል። ግን ያልኳችሁ ጉማሬ ሰፈሩ ይኸው ነው። ከጨረጨራ በታች ደግሞ የውሃው ልክ ከሰማይ ሳይሆን ከበሩ ነው የሚመጣው። በሮቹ ሲከፈቱ ወንዙ ያለ ዝናብ ይሞላል። በ2002 ጣና በለስ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙው የሐይቁ ውሃ በምዕራብ በኩል፣ በቁንዝላ አቅጣጫ፣ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚሄድ ዓባይ በበጋ ከስቶ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን ይወፍራል። ይህ ዓይነት ወንዝ ላይ ትናንት ያያችሁት ዛሬ አይሠራም። ወደ 30 ኪሎ ሜትር ወርዶ ጢስ እሳት አለ፤ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ፏፏቴ ነው፣ ከፏፏቴው በላይ መውጫ ያመለጠው ሰው ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

ከዚያ በታች ያለው ሸለቆ የጉዞ ቡድን ጉዳይ ነው። በ1968 በፈረንጆቹ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ቡድን በጎማ ጀልባ ወርዶታል፤ ወታደሮች ነበሩ፣ ድጋፍ ነበራቸው፣ እንዲያም ሆኖ አንድ ባልደረባቸውን ውሃ ወሰደው። በ2004፣ እሱም በፈረንጆቹ፣ ፓስኳል ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከኢትዮጵያ ተነስተው በ114 ቀን ሜዲትራኒያን ደርሰዋል። ይህን የምጠቅሰው እንድትደፍሩ አይደለም። 114 ቀን ፈቃድ፣ ስንቅና ሰው ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ አያነብም።

ወሩ፣ ሰዉ፣ ዕቃው

ክረምት ላይ ከግልገል ዓባይ ራቁ። ዝናቡ በሐምሌና ነሐሴ ይጠናል፣ ወንዙ ከዳር ዳር ይሞላል፣ መልካ የሚባል ነገር ይጠፋል። ነጭ ዓሣውም ለመራባት ሽቅብ የሚወጣው በዚያው ወቅት ነው፤ ለሱም ተዉለት። የኔ ሕግ ቀላል ነው። ደመራው ሳይበራ ግልገል ዓባይ ላይ አልገባም። ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወገቡ ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ግርጌው ነው፣ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው። ከጥር በኋላ ወገቡ ላይ ካያክ ትጎትታላችሁ እንጂ አትቀዝፉም፣ ያኔ ወደ ጣና ዞሩ።

ልጆች ያላችሁ፣ ጣና። ዋና የማይችል ሰው ያላችሁ፣ ጣና፣ እሱም ዳር ዳሩን። አንድ ዓመት የቀዘፋችሁና ጸጥታ የምትፈልጉ፣ ግርጌው። ጭንቅላታችሁ ላይ ሄልሜት አድርጋችሁ ተገልብጦ መነሳት የምታውቁ፣ ወገቡ፣ ግን ሦስት ሆናችሁ። ብቻውን ወንዝ የሚወርድ ሰው አለ፤ አደንቀዋለሁ፣ አብሬው ግን አልሄድም።

ላይፍ ጃኬት ላይ አትደራደሩ። የሚወረወር ገመድ፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ ተጨማሪ መቅዘፊያ፣ ፊሽካ። ሳንዳል ሳይሆን የሚታሰር ጫማ። ሌላው ቅንጦት ነው።

ደግሞ የማልዘለው ነገር አለ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ ሲከፈትም ሲዘጋም ኖሯል። ካርታ አይነግራችሁም። በዚያው ሳምንት መራዊና ወተት ዓባይ ያለ ሰው ጠይቁ፣ ቀበሌ ላይ ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ ድሮን የሚባል ነገር አትያዙ። ካያክ ራሱ ለጥያቄ ይበቃል፤ አንድ ፍተሻ ላይ ምን እንደሆነ ለማስረዳት መንገዱ ዳር ተቀምጬ አስፋልት ላይ መቅዘፍ አሳይቻለሁ።

የመኪናውን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ግማሹ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው። ሁለት መኪና ካላችሁ አንዱን በጠዋት መውጫው ላይ አቁማችሁ በሌላው ወደ መግቢያው ተመለሱ። አንድ ብቻ ከሆነ ሹፌሩ እናንተን አውርዶ ቀጥታ መውጫው ጋ ሄዶ ይጠብቅ፣ ሰዓት ቁረጡለት፣ ምሳ ያዙለት። ቁልፉ ደግሞ በውሃ የሚወርደው ሰው ጋ፣ ከረጢቱ ውስጥ ይሁን። እኛ አንዴ መውጫው ላይ ደርሰን፣ ረክተን፣ ካያኮቹን አራግፈን፣ ከዚያ ቁልፉ መግቢያው ላይ በቀረው መኪና ውስጥ፣ በጃኬት ኪስ መሆኑ ትዝ አለን። አንዱ ጓደኛችን የእህል ጭነት መኪና ላይ ለምኖ ተሳፍሮ እስኪመለስ፣ እኛ እርጥብ ልብሳችንን ለብሰን አንድ እናት ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥተን፣ የተቆላ ሽምብራ በልተን፣ ልጆቻቸውን መቅዘፊያ አስይዘን ስናጫውት አመሸን።